የዩኒቨርስ መፍጠንና የተሻሻሉ የስበት ንድፈ ሐሳቦች፦ ተፈተነ የሚባለው መቼ ነው?



የዛሬው ጥያቄዬ አንድ ነው። የአይንሽታይንን የስበት ሕግ ያሻሻለ ንድፈ ሐሳብ «በመረጃ ተፈትኖ አለፈ» የምንለው መቼ ነው? ጥያቄው ከእኛ የራቀ አይደለም። ደመና በማይለየው በሚዛንና በቴፒ ሰማይ ሥር ላለ ተማሪ፣ ይህ ያለ ቴሌስኮፕ ሊሠራበት የሚችል መስክ ነው። በደቡብ አፍሪካ ኖርዝ ዌስት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር አማረ አበበም በዚሁ መስክ፣ በተለይም ኤፍ-አር በሚባለው ንድፈ ሐሳብ ላይ፣ በርካታ ጥናቶች አሳትመዋል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ሩቅ ሱፐርኖቫዎችን ለክተው፣ የዩኒቨርስ መስፋፋት እየፈጠነ መሄዱን አስታወቁ። አንዱ ማብራሪያ ስበትን እንዳለ ትቶ ዳርክ ኢነርጂን ይጨምራል፤ ሌላው የስበትን ሕግ ራሱን ያሻሽላል። ኤፍ-አር የሁለተኛው ወገን ነው፤ የሕዋን ጉብጠት የሚወክለውን «አር»ን በአር ፈንክሽን ይተካል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፈንክሽኑን የምንመርጠው እኛው ስለሆንን፣ የተፈለገውን የመስፋፋት ታሪክ እንዲያስገኝ አድርገን ልንቀርጸው እንችላለን። ስለዚህ ሞዴሉን ከሱፐርኖቫ መረጃ ጋር አስማምቶ የሚያቆም ጥናት ያማረ ግራፍ ይኖረዋል፤ ንድፈ ሐሳቡን ግን አልፈተነም። ለቡና አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በፍሬው መልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ጆንያዎች የሚለዩት በቅምሻ ነው።

ቅምሻው የጋላክሲዎች መሰባሰብ ነው። በኤፍ-አር ውስጥ ስበት በተወሰነ ርቀት እስከ አንድ ሦስተኛ ሊጠነክር ይችላል። ስለሆነም መስፋፋቱ ከተለመደው ሞዴል ጋር አንድ ቢሆን እንኳ፣ የጋላክሲ ክምችቶች የሚያድጉበት ፍጥነት ይለያል። በፀሐይ ዙሪያ ግን ይህ ተጨማሪ ኃይል ሊታይ አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የካሲኒ መንኰራኩር ልኬት የአይንሽታይንን ሕግ ከመቶ ሺህ ጥቂት እጅ በማይበልጥ ስሕተት አጽንቷልና። ለዚህም ቁስ በታጨቀበት ቦታ ኃይሉ የሚሸሸግበት፣ በእስስት የተሰየመ ስልት አለ። (ስያሜውን እወደዋለሁ፤ ስልቱን ግን በጥርጣሬ ነው የማየው።)

እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2017 ከሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ግጭት የተነሣ የስበት ሞገድ ደረሰን፤ ጋማ ጨረሩ በ1.7 ሰከንድ ተከተለው። ሁለቱ 130 ሚሊዮን ዓመታት ያህል ተጉዘው ነበር። የስበት ሞገድን ፍጥነት ከብርሃን የሚለዩ በርካታ ንድፈ ሐሳቦች በዚያ ልኬት ወደቁ። ኤፍ-አር አልተነካም፤ በእርሱ ውስጥም ሞገዱ በብርሃን ፍጥነት ይጓዛልና። አለመነካቱን እንደ ድል የሚቆጥሩ ጽሑፎች አንባቢን ያሳስታሉ።

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ የማማክራቸውን ተማሪዎች የምጠይቀው ከሱፐርኖቫው ሠንጠረዥ ጎን የክምችት እድገት ልኬቶችን እንዲያስቀምጡ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ለሁሉም የተከፈተው የዴሲ የመጀመሪያ መረጃ አለ፤ የሚጠይቀው ኢንተርኔትና ትዕግሥት ነው። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።