የጤና መድህንና የእርሻ ሥራችን
ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር



በዚህ ሥልጠና ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ መስመር መዝራትና ስለ ኮምፖስት ተነጋግረናል። አሁን ስለ ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን የማነሳው ከግብርናው ለመውጣት አይደለም። በአረም ሳምንት አባወራው በወባ ከተኛ ወይም እማወራዋ የታመመ ልጅ ታቅፋ ከቤት ከዋለች፣ ማዳበሪያውም ምርጥ ዘሩም የታሰበውን ምርት አይሰጥም።

መድህን የሌለው ሰው ሲታመም ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። «ነገ ይሻለኛል» ይላል፤ ከሱቅ ክኒን ይገዛል፤ ሲብስበት በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ይደርሳል። ያን ጊዜ ሕመሙም ወጪውም ከብዷል። ብድር ይገባል፣ በሬ ይሸጣል። እንዲዘገይ ያደረገው ስንፍና ሳይሆን የገንዘብ ፍርሃት ነው።

መድህኑ የሚያነሳው ይህንን ፍርሃት ነው። ሥራው በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። በሙከራው ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ አባል በመሆን ምክንያት ወደ መንግሥት ጤና ተቋም መሄድ ከ45 እስከ 64 በመቶ ጨምሯል፤ ለአንድ ጊዜ ሕክምና ከኪስ የሚወጣውም ቢያንስ በ56 በመቶ ቀንሷል። የአባላት ብድርም ቀንሷል። አባላት በሽታ በዛባቸው ማለት አይደለም። ቤት ተኝተው ያሳልፉት የነበረውን ሕመም አሁን በጊዜው ይታከሙታል ማለት ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የምንለው ለሕመምም ይሠራል።

ሆኖም ሁለት ቅሬታዎች አሉ። አንደኛው «ዓመቱን ሙሉ አልታመምኩም፣ ብሬ በከንቱ ቀረ» የሚለው ነው። ለእድር የምንከፍለው ቤታችን ኀዘን እንዲገባ ፈልገን አይደለም። ጤነኛውና አቅም ያለው እየወጣ ሕመምተኛው ብቻ ከቀረ፣ ገቢው ይቀንሳል፣ ወጪው ይጨምራል፣ ቋቱ ይራቆታል። ያን ጊዜ ለጤና ጣቢያው የሚከፈለው ይዘገያል፣ መድኃኒትም ይጠፋል። በኋላ እናንተ ስትታመሙ የምትመለሱበት መድህን አይኖርም።

ሁለተኛው «መድኃኒት የለም ተብለን ከግል ፋርማሲ ገዛን» የሚለው ነው። ይህ ተገቢ ቅሬታ ነው። ታካሚ ሲበዛ የመድኃኒት አቅርቦቱም አብሮ ማደግ አለበት። መፍትሔው ግን አባልነትን መተው አይደለም። የመድኃኒት ማዘዣውንና ደረሰኙን ያዙ፤ በቀበሌ ስብሰባም አቅርቡ። ከፋይ ስለሆናችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

ስለዚህ አራት ነገሮችን አደራ እላለሁ።

1. የእድሳቱን ገንዘብ ምርት ስትሸጡ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ የእድሳት ጊዜ አያልፋችሁ።

2. ቤተሰቡን በሙሉ አስመዝግቡ። አዲስ የተወለደውንም አትርሱ።

3. ሕክምናችሁን ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። ወደ ሆስፒታል ስትላኩ የሪፈር ወረቀት ያዙ፤ ያለ ወረቀት በቀጥታ የሄደ ሰው ከኪሱ ለመክፈል ይገደዳል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት የሚደረግ ሕክምና በመድህኑ እንደማይሸፈኑም እወቁ።

4. መክፈል የማይችሉ እጅግ ድሃ ጎረቤቶቻችሁ መዋጮ በመንግሥት ይሸፈናል። በቀበሌ ሲለዩ ዝምድና ሳታዩ እውነቱን መስክሩ።

ጎረቤቶቻችሁ በመስመር መዝራትን የተቀበሉት ከእኛ ከባለሙያዎቹ ንግግር ይልቅ የእናንተን ማሳ አይተው ነው። መድህኑንም እንዲሁ እናንተን አይተው ይገቡበታል ወይም ይወጡበታል። ዛሬ ማታ እቤት ስትደርሱ የመድህን ደብተራችሁን አውጥታችሁ የዘንድሮ እድሳት መኖሩን ተመልከቱ። ከሌለ ነገ ቀበሌ ሂዱ፤ ስትሄዱም አንድ ጎረቤት አስከትሉ።