«ልጄ ቃዒዳ ጨረሰ»

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።  

በየመድረሳው ደጃፍ ወላጆችን የሚያከራክር ነገር አለ። ገሚሱ «እኛ በሉሕ ቀርተን ምን ጎደለብን?» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «የኑራኒያ ቃዒዳ እያለ ልጆቻችን በሉሕ ለምን ይልፉ?» ባይ ነው።

እንዲህ ያለው ክርክር አዲስ አይደለም። በ543 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አንደሉሳዊው ቃዲ አቡበክር ኢብኑል ዐረቢ፣ ሕፃን መጀመሪያ ዐረብኛና ግጥም፣ ቀጥሎ ሒሳብ ይማርና ወደ ቁርኣን ይግባ የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ኢብኑ ኸልዱን በ«ሙቀዲማ» መንገዱን ወደዱት። ግን አንድ ስጋት አነሱ፦ ልጅ በወላጁ እጅ ሳለ ቁርኣኑን ካልያዘ፣ ሲጎረምስ ትምህርቱን ትቶ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። የመዘኑት ልጁ ይዞት በሚወጣው ነገር ነበር።

እኔ ይህን ሚዛን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ልጄ ቃዒዳውን ጨረሰ ተብሎ ሰደቃ አወጣን። አንድ ማታ ያልቀራውን ገጽ ገልጬ «አንብብልኝ» አልኩት። የሸመደደውን እንደ ውሃ የሚያወርደው ልጅ ፊደል ከፊደል ማያያዝ አቃተው። ለካ አርባ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲል እርሱ ድምፁን ይከተል ኖሯል። ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

የህንዱ ሸይኽ ኑር ሙሐመድ ሐቃኒ ያዘጋጁት ቃዒዳ በደል የለበትም፤ ከነጠላ ፊደል ወደ ተጣመረው፣ ከዚያም ወደ ሐረካው ደረጃ በደረጃ ይወስዳል። በሉሑ ዘመን ግን ልጅ በእጁ ይጽፋል፣ ብቻውን ኡስታዙ ፊት ያሰማል፣ ካላለፈ ሉሑ አይታጠብም። (አለንጋውን ረስቼ አይደለም!) በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ የምታስታውሱም ታውቁታላችሁ፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ የስክሪኑ መምህር አያየውም ነበር።

አሁን ልጄ ከታናናሾቹ ጋር ወደ ተጣመሩት ፊደላት ተመልሷል። አፍሯል። ኡስታዙ ከዐስር በኋላ ለብቻው ያሰሙታል። እናንተም ዛሬ ማታ ልጃችሁ ያልደረሰበትን ገጽ ግለጡለትና ሳታርሙት አድምጡት።

ወሰላሙ ዐለይኩም።