መዝገቡ ሳይጎድል፦ ከወንድማማችነት ማኅበራት እስከ ሲሪንቃ ቅሬ



ሰዎች አባቶቻቸው የኖሩበትን ማኅበር የሚተዉት ለምንድን ነው? «ዘመን ከፋ፤ ፍቅር ቀዘቀዘ» የሚለው የተለመደ መልስ ቁጭት እንጂ ማብራሪያ አይደለም። ማብራሪያውን ለመፈለግ በመጀመሪያ ወደ ሩቅ አገር፣ ቀጥሎም ወደ ተወለድሁባት ወደ ሲሪንቃ እወስዳችኋለሁ። የውጭውን ዘመን በአውሮፓ፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እጠራለሁ።

የፍሪሜሶኖች ታላቅ ሎጅ በለንደን በ1717፣ የኦሬንጅ ማኅበር በአየርላንድ በ1795፣ የአሜሪካው ኦድ ፌሎውስ ደግሞ በባልቲሞር በ1819 ተመሠረቱ። የኦሬንጅ ማኅበር በደንቡ የፕሮቴስታንቶች ብቻ ነበር። ፍሪሜሶን እንዲህ ያለ ደንብ ባይኖረውም፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1738 ምእመናኗን ስለ ከለከለች፣ በብሪታንያና በአሜሪካ በአብዛኛው የፕሮቴስታንቶች ቤት ሆነ። የአሜሪካ ካቶሊኮችም በ1882 ናይትስ ኦፍ ኮሎምበስ የተባለውን የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ።

ከውጭ የሚታየው የአባላቱ ልዩ ልብስና የምስጢር ምልክት ነው። ነገር ግን ጡረታም የሕመም ፈቃድም ያልነበረውን ሠራተኛ ወደ እንደ ኦድ ፌሎውስ ያሉት ማኅበራት የሳበው ሌላ ነገር ነበር። መዋጮውን ከከፈለ፣ ሲታመም ይደጎማል፤ ሲሞት ይቀበራል፤ ልጆቹም አይጣሉም።

ውድቀቱ በሁለት ደረጃ መጣ። በመጀመሪያ መንግሥት ሥራቸውን ወሰደ፦ ብሪታንያ በ1911 የመድን ሕግ፣ በ1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎት አቆመች፤ አሜሪካም በ1935 የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ አወጣች። ከ1929 በኋላ በደረሰው የኢኮኖሚ ቀውስ ደግሞ ብዙ አባላት በአንድ ጊዜ ሥራ ስላጡ፣ መዋጮ የሚከፍለው ጥቂት፣ ድጎማ የሚጠይቀው ብዙ ሆነ። ሁለተኛው ደረጃ ዘግይቶ የመጣ ነው። ዋና ሥራው መድን ያልነበረው የአሜሪካ ፍሪሜሶን በ1950ዎቹ መጨረሻ ከ4 ሚሊዮን በላይ አባላት ነበሩት፤ ዛሬ ከ1 ሚሊዮን በታች ናቸው። ሮበርት ፑትናም በ2000 ባሳተመው መጽሐፉ ለአሜሪካ የማኅበራት መዳከም ትልቁን ድርሻ የሰጠው ለትውልድ መለወጥ ነው፤ አባቶች ሲያልፉ ልጆች አልተተኩም።

አሁን ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ሲሪንቃ እንውረድ። ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። እኛ ተወላጆቿ በቅሬዋ እናውቃታለን። በሌላው አገር ዕድር የሚባለውን እኛ ወሎዬዎች ቅሬ እንለዋለን። ከሎጁ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አባልነቱ በጉርብትና እንጂ በሃይማኖት አይደለም፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው ይቀብራሉ። ዋናው መዋጮም ገንዘብ ሳይሆን ጉልበት ነው፦ መቃብር መቆፈር፣ በሽተኛ በቃሬዛ መሸከም፣ ከሐዘንተኛ ጋር መቀመጥ። የቀረ በቅሬው ዳኛ ፊት መቀጮ ይከፍላል።

ቅሬ ሁሉን ቻይ አልነበረም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ እንዳየነው፣ ጎረቤት ሁሉ አብሮ ሲራብ ጎረቤት ለጎረቤት ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. ተሁለደሬን ጨምሮ በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረውን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። አምቡላንስ ደርሶ ቃሬዛው ግድግዳ ላይ ቢሰቀል አላዝንም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ እሱንም ከራሴ ታሪክ ልንገራችሁ።

ከተማ ከገባሁ ወዲህ የቅሬ መዋጮዬን አንድም ጊዜ አላጓደልሁም። ለቅሶ ስቀር መቀጮዬን በወንድሜ እጅ እልካለሁ። እናቴ ባረፈች ዕለት ስደርስ መቃብሩ ተቆፍሮ ነበር። ከቆፋሪዎቹ አንዱ ሙስሊም ጎረቤታችን ነበሩ፤ ባለቤታቸው ሲቀበሩ እኔ መቀጮ ከፍዬ የቀረሁባቸው አባት። አፈር የነካ እጃቸውን ይዤ ጥቂት ብር ላስጨብጣቸው ብል መለሱልኝ። «ለዚህማ አይከፈልም ልጄ፤ የእኔም ቀን አለ» አሉኝ።

ቀናቸው ባለፈው ዓመት መጣ። እኔ ፈተና ላይ ነበርሁ። መቀጮዬን ላክሁ።

ግኒዚና ረስቲኪኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ በሃይፋ የሕፃናት ማቆያዎች ዘግይተው በሚመጡ ወላጆች ላይ ቅጣት ሲጣል የሚዘገየው ሰው በዛ እንጂ አልቀነሰም። ቅጣቱ ዋጋ ሆነ፤ ዋጋውን የከፈለ ሰው ደግሞ አያፍርም። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አባቶቻችን መቀጮን የደነገጉት እንድንመጣ ነበር፤ እኔ ግን መቅረትን ገዛሁበት።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ስለ ማኅበራት ልታጠኑ ወደ ገጠር ስትወርዱ የአባላት መዝገብ ይሰጣችኋል። ስሜን ታገኙታላችሁ፤ ዕዳ የለብኝም። በመዝገቡ መሠረት የሲሪንቃ ቅሬ በእኔ በኩል አንድም አባል አልጎደለበትም። ስለዚህ መዝገቡን ከቆጠራችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ባለፈው ቀብር አካፋ የያዘው ማን ነበር? የአባልነት መውረድ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ መዝገቡ የሚናገረው ዘግይቶ ነው።