ወደ ዓባይ ሸለቆ ስንወርድ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከመካነ ሰላም ተነሥተን ወደ ዓባይ ሸለቆ ለመውረድና በዚያው ቀን ለመመለስ ስናስብ፣ የመነሻውን ሰዓት ብቻ እንነጋገራለን። እኛ ግን የመመለሻውን ሰዓት እናስቀድም እንላለን።

ተራራ የሚወጣ ሰው ድካሙን በጧት ይጨርሳል፤ ቢዝል ቁልቁለቱ ያግዘዋል። ገደል የሚወርድ ግን በጧት ጉልበቱ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ዳገቱን በሐሩር ይጋፈጠዋል። አየሩም 1000 ሜትር በወረድን ቁጥር በ6 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ ደጋ ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ቆላ ሲደርስ ጥላ ይሻል።

ስለዚህ ከጉዞው ጊዜ አንዱን እጅ ለመውረድ፣ ሁለቱን እጅ ለመውጣት እንመድብ። ከአፋፉ በ1 ሰዓት ብንነሣ፣ የትም ብንደርስ በ3 ሰዓት እንመለስ፤ በ7 ሰዓት አፋፉ ላይ እንሆናለን። እስኪመሽ የሚተርፈው ጊዜ ለደከመ ወይም ለታመመ ጓደኛ መጠባበቂያ ነው።

ወራቱ በጋ ይሁን፤ በክረምት ደጋ የዘነበው ዝናም ቆላውን ጅረት በድንገት ይሞላዋልና። መንገዱን የሚያውቅ ያገር ሰው ይምራን፤ የመጠጥ ውኃችንን ከላይ ይዘን እንውረድ፤ እርምጃችንንም በደካማው እንለካ።

ወንዙ ለሌላ ቀን ይቆየናል፤ የወረድነው ሁሉ ቁጥራችን ሳይጎድል እንውጣ።