ለቡችላው የወይራ ቁራጭ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ነገር አንዳንዶቻችሁን ሳያስቅ አይቀርም፤ ስለ ቡችላ ጥርስ ነው። በጋይንትም ሆነ በስማዳና በእስቴ በግ ያለበት ቤት ያለ ውሻ ማደር ይከብደዋል። ሌሊት ጅቡን፣ ቀን ቀበሮውን የሚያባርርልን እሱ ነው። ቡችላ ግን ከሦስት ወሩ ገደማ ጀምሮ እስከ ስድስት ሰባት ወሩ 28 የወተት ጥርሶቹን ጥሎ 42 ቋሚ ጥርሶች ያወጣል። ያን ጊዜ ድዱ ያሳክከዋል፤ ያገኘውን ይቆረጥማል። አገልግሉን ይግጣል፣ ምራኑን ይበጥሳል፣ ቁርበቱን ይዘለዝላል። ከዚያ ዱላ ይመጣል። ዱላ ደግሞ የድድ ማሳከክን አያስቆምም።

አገልግል ቢበላሽ በሌላ ይተካል። የሚያሳስበን በዓመት በዓል በግ ሲታረድ የሚወረወርለት ጥሬ ሳንባና ጉበት ነው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ሳንባ አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ለሰው አይሆንም ተብሎ ለውሻ ይጣላል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል ዘር ነው። ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ያድጋል፣ ውሻው ሳይታመም እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ግቢ ውስጥ የሚጫወት ሕፃን እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉ ይገባበታል፤ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ያው ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ሐኪሞች ሃይዳቲድ ይሉታል፤ ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከረጢት ያለበት ሥጋ ይቃጠል፣ አለዚያም ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበርና ድንጋይ ይጫንበት። ውሻ ጉድጓድ መጫር ያውቅበታልና።

ታዲያ ቡችላው ምን ይቆርጥም? እንጨት። በውጭ አገር ሱቆች ከወይራና ካረጀ የቡና ግንድ የተቆረጠ የውሻ ማኘኪያ በገንዘብ ይሸጣል። እኛ ወይራን የወተት ዕቃ ስናጥንበት፣ ጥርሳችንን ስንፍቅበት ኖረናል። ለዚህ ብላችሁ ዛፍ አትቁረጡ፤ የደብሩማ ወይራ ጭራሽ አይነካ። ድግር ወይም ዘነዘና ሲጠረብ የሚተርፈው ቁራጭ ይበቃል።

ቁራጩ የመጥረቢያ ዛቢያ ያህል የወፈረ፣ ከስንዝር የረዘመ ይሁን፤ ቡችላው ሊውጠው አይችልም። ዳርና ዳሩ በድንጋይ ይታሽ። ለዓመታት የደረቀ ወይራ እንደ ድንጋይ ነው፣ ጥርስ ይሰብራል። በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ተጫኑት፤ ምልክት ካልያዘ ለምድጃ አድርጉት። ቁልቋልና ቅንጭብ በፍጹም አይሰጥም፤ ነጭ ደማቸው አፍና ዓይን ያቃጥላል። ባሕር ዛፍም ዘይቱ ለውሻ ስለማይስማማ፣ ሲሰነጠቅም ስለሚወጋ ይቅር። ቀለም የተቀባ ወይም ምስማር የነካው ሳንቃ እንደዚያው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ ጉሮሮ ይወጋል።

«እንጨት ከለመደ የቤቱን ምሰሶ አይግጥም ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ምሰሶውን ሲጀምር ቁራጩን አቀብሉት። መጀመሪያ እንቢ ካለ ጨውና ሽንኩርት በሌለው የሥጋ መረቅ ንከሩለት፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ሲይዘው አመስግኑት፤ ውሻ ምስጋና ይገባዋል።

እንጨት ምግብ እንዳልሆነ ግን አደራ። የራበው ውሻ የጎረቤት ዶሮ ይበላል እንጂ ወይራ አይቆረጥምም። የትሉን መድኃኒት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይሰጣል፣ ፕራዚኳንቴል ይባላል። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም አብሮ ይጠየቅለት።

ቁራጩን ልጆች እንዳያነሡት፣ ያነሣ ልጅም እጁን በሳሙና እንዲታጠብ ንገሩ። መሰንጠቅ ሲጀምር ወይም ከአፉ ሲያንስ ወደ እሳት ጣሉትና ሌላ ስጡት።