ከጥገና በኋላ ውሃ ወደ ሞተር ሲገባ
(በማኅበራችን የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው በሰፈራችን መኪና ያለው ሁሉ ባለጠጋ አይደለም። አንዲት አሮጌ መኪና ለስንቱ ቤት የእንጀራ ገመድ ናት። እሷ ስትቆም የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ይቆማል፣ የቤት ኪራይም ይጓተታል። ስለዚህ የምንናገረው ለሾፌሮችና ለመካኒኮች ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም ነው።

ጉዳዩ ይህ ነው። ሞተር ይፈላል። ቴስታታው ይወርዳል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቀየራል፣ ገንዘብ ይከፈላል። መኪናው ከጋራዥ በወጣ በሳምንቱ ግን ራዲያተሩ ውሃ ይጎድላል፣ የሞተሩ ዘይትም ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለመኪናው «ገንዘቤን በላኸኝ!» ይላል። መካኒኩም «ጋሼ፣ እኔ አጥብቄ አስሬ ነው የሰጠሁዎት» ይላል። ሁለቱም እውነት የያዙ ይመስላቸዋል፤ በመካከሉ ግን አብሮ የኖረ ጎረቤት ይኳረፋል። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ውሃው በየት በኩል እንደሚሄድ ሳይታወቅ ቴስታታው ለሁለተኛ ጊዜ አይፈታ፣ ለሁለተኛ ጊዜም ገንዘብ አይከፈል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተውል። ቴስታታ ሲነሣ በውስጡ የቀረው ውሃ ወደ ሲሊንደሩና ወደ ዘይቱ መፍሰሱ የተለመደ ነው። እንግዲህ ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ዘይቱና ፊልትሮው ካልተቀየሩ፣ አዲሱ ጓርኒሲዮን ምንም ሳይሆን ዘይቱ ወተት ሊመስል ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሮ፣ ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞልቶ፣ ጥቂት ነድቶ ማየት ነው። ራዲያተሩ ካልጎደለ፣ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ዘይቱ ከፍ ካላለና ካልነጣ፣ የታየው የድሮው ቅሪት ነበር። ውሃው እየጎደለ ዘይቱ ከፍ ካለ ግን ውሃ እየገባ ነው።

እንዲሁም በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ትንሽ ነጭ አረፋ አይቶ የሚደነግጥ አለ። በክረምት አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ እንፋሎቱ እዚያ ይጠራቀማል። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጠዋት በብርድ ከማርሚታ የሚወጣው ነጭ እንፋሎትም እንደዚሁ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጢስ ሳያቋርጥ ከወጣ ግን ያኔ እንጠርጥር።

ሁለተኛው ምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩ ክዳን ይከፈታል፣ ሞተሩ ይነሣል፣ ውሃው ይታያል። ከጥገና በኋላ በውስጡ የቀረ አየር ለጥቂት ጊዜ አረፋ እያወጣ ይወጣል፤ ይህ ደግ ነው። አረፋው የማያቆም ከሆነና ጋዝ ሲሰጡት የሚብስ ከሆነ ግን የቃጠሎ ጋዝ ከሲሊንደር ወደ ውሃው እየገባ ነው። ለዚህ የሚያገለግል ሰማያዊ ፈሳሽም አለ፤ ከራዲያተሩ አፍ በሚወጣው አየር ሲፈተን ቀለሙ ወደ ቢጫ ከተለወጠ የቃጠሎ ጋዝ መኖሩን ያመለክታል።

ሦስተኛው በእጅ የሚሠራ የግፊት ፓምፕ ነው። ሞተሩ እንደቀዘቀዘ በራዲያተሩ አፍ ላይ ይታሰርና ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ብቻ ይነፋል። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይገኛል፤ ከዚያ ማለፍ ራዲያተሩን ማፍረስ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። መርፌው ከወረደና በውጭ የሚንጠባጠብ ነገር ከሌለ ውሃው ወደ ውስጥ ሄዷል። ያኔ ካንዴላዎቹ ተፈትተው ይታያሉ። የትኛው ሲሊንደር እንደረጠበ ሲታወቅ ፍለጋው ግማሽ አለቀ። በዚያ ላይ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት ቢለካና ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ዝቅ ቢሉ፣ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን መጠርጠር አለበት።

ካንዴላ ሳይፈታ ሞተሩን በግድ ለማስነሣት አንሞክር። ውሃ አይጨመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ሞልቶ ሞተሩ ቢዞር ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ይጎብጣል። ያኔ የጓርኒሲዮን ወጪ የነበረው የሞተር ወጪ ይሆናል። ዘይቱ ወተት ሆኖ ሳለ «እስከ ቤት ድረስ ብቻ» እያሉ መንዳትም እንዲሁ ነው። ውሃ የገባበት ዘይት ማለስለሱን ያጣል፤ ብረት ከብረት ይፋተጋል።

ሌላም አለ። አንዳንድ ሞተሮች፣ በተለይ ናፍጣዎች፣ ዘይቱን በውሃ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ አላቸው። እሱ ሲበሳ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ የዘይቱ ግፊት ስለሚበልጥ ዘይት ወደ ራዲያተሩ ይገባል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ የዘይቱ ግፊት ስለሚወርድ ውሃው ወደ ዘይቱ ይመለሳል። ይህን ሳያዩ ቴስታታውን ሦስት ጊዜ ቢፈቱት ምን ይጠቅማል?

አሁን ወደ ጥገናው እንምጣ። ባለመኪናው መካኒኩን በደግ ቃል ሊጠይቃቸው የሚገባ ጥያቄዎች አሉ። ቴስታታው ቀጥ ማለቱ በመለኪያ ታይቷል ወይ? ተሰንጥቆ እንደሆነ በግፊት ተፈትኗል ወይ? የሞተሩ ፊት ከአሮጌው ጓርኒሲዮን በደንብ ጸድቷል ወይ? የቡሎኖቹ ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ቀርቶ ይሆን? እንዲህ ከሆነ ቡሎኑ የጠበቀ ይመስላል እንጂ ቴስታታውን አልያዘም። ቡሎኖቹ አንዴ ከተሳቡ የማይደገሙ ዓይነት ናቸው ወይ? ከመሐል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ ኃይሉን በሚለካ መፍቻ ነው ወይ የጠበቁት? እነዚህን መጠየቅ መካኒኩን መናቅ አይደለም። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ይህን የሚጠይቀውን ሰው ይወዳል።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ግን ይህ ነው፦ ሞተሩ መጀመሪያ ለምን ፈላ? ራዲያተሩ ተደፍኖ፣ ፋኑ ሳይሠራ ቀርቶ፣ ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ወይም ክዳኑ ግፊት መያዝ አቅቶት ከሆነ፣ ያ ሳይስተካከል የተገጠመ አዲስ ጓርኒሲዮን በወሩ ይቃጠላል። የክዳኑን ነገር አንናቀው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃው ከዚያ በላይ ሞቆ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው በክዳኑ የተያዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ያለው መኪና ከዓባይ በረሃ አቀበት ሲወጣ ቢፈላ አይገርምም። ስለዚህም ነው የሞቀ ራዲያተር ክዳን በፍጹም አይከፈት የምንለው። ክዳኑ ሲላቀቅ ያ ሁሉ ውሃ ባንዴ ይፈላና ፊት ላይ ይገነፍላል። መኪና ይጠገናል፤ የተቃጠለ ዓይን ግን አይጠገንም።

እናቶችንና አባቶችን ደግሞ የሚመለከት ነገር አለ። ቀለም ያለው የራዲያተር ፈሳሽ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ ነገር ግን መርዝ ነው። ሲፈታ በሳህን ይጠራቀም እንጂ በደጃፍና በቦይ አይደፋ። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስም አይቀመጥ፤ ልጅ አንሥቶ ይጠጣዋል፣ የሰፈር ውሻም ይልሰዋል።

በመጨረሻ የምናሳስበው ይህን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም መኪናው ባለበት ይቁም። ባለመኪናውና መካኒኩ አብረው ቆመው፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ ከላይ የተናገርናቸውን ምርመራዎች በተራ ያድርጉ፤ ያዩትንም በወረቀት ይጻፉት። ጥፋቱ የጥገናው ከሆነ መካኒኩ ያለብዙ ክርክር ያርመው። ጥፋቱ የተሰነጠቀ ቴስታታ ወይም ሌላ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ባለመኪናው የሰው ስም ከማጥፋት ይጠበቅ። ወደ ሽማግሌ ከመሄድ በፊት ወደ ራዲያተሩ ማየት ይቀድማል።