ፒክ አፕ ከጭቃ እንዴት ይወጣል?

በክረምት የጣና ዳር ዋልካ መኪና ይይዛል። ወላድ የጫነ ፒክ አፕ ሲሰምጥ «ነዳጅ ስጠው!» እያልን እንጮኻለን። ልክ አይደለም። ጎማ በከንቱ ሲሽከረከር የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል።

አንደኛ ማርሽ እንደ እርሻ በሬ ነው፤ ቀስ ይላል፣ ጉልበት ግን አለው። ሾፌሩ ማርሹን ሲቀይር በግራ እግሩ ፍሪሲዮን ይረግጣል፤ ያን ጊዜ ሞተሩና ጎማው ይላቀቃሉ። ባለ 2 ዲፈረንሻል መኪና ደግሞ ሁለተኛ ጥማድ አለው ማለት ነው፤ የፊቶቹም ጎማዎች ይስባሉ። ታዲያ ይህ ጥማድ የሚጨመረው ጭቃው ሳይገባ ነው፤ ከሰመጠ ወዲያማ ሥራው ይከብዳል። አስፋልት ላይ ሲወጣ ይፈታል፤ በመታጠፊያ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል መንገድ ስለማይሄዱ ጥርሱ ይጎዳል።

ስንገፋ ከጎማው በስተኋላ አንቁም፤ ድንጋይ ይወረውራል። ከሥሩ ጠጠርና ቅርንጫፍ እንጨምርለት። ወላዷን ግን አስቀድመን በቃሬዛ አውርደን ከዳር እናሳርፋት።